ለሐዘን ዕድር አለ፤ ለትንሿ ደስታስ?



አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ጡሩንባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ በየመንደሩ ይዞራል። የዕድሩ ድንኳን ይተከላል፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሳህኑና ብርጭቆው ከዕቃ ቤት ይወጣል። ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ወንዶቹ ከሐዘንተኛው ጋር ያመሻሉ። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በከተማዋ የተስፋፋው ይህ ማኅበር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ደንቡም ጥብቅ ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፣ መዋጮ ያሳደረ ስሙ በስብሰባ ይነሣል።

ትልቅ ደስታም ቢሆን ባለቤት አያጣም። ሠርግ ሚዜና ድግስ አለው። ሴት ስትወልድ ገንፎ ተገንፍቶ እልል ይባላል። ተመራቂው ጋዋኑን ለብሶ፣ አበባውን ታቅፎ፣ ዘመድ አዝማዱን ከግራና ከቀኝ አሰልፎ ፎቶ ይነሣል።

ሜዳ ላይ የቀረችው ትንሿ ደስታ ናት። ሦስት ቀን ጠፍታ የሰነበተች ውሃ ሌሊት መጥታ በርሜሉ ሲሞላ። ሰልፉ አስፋልቱን ተሻግሮ ሳለ አንዱ ታክሲ ልክ ፊት ለፊት ሲቆም። በክረምት መሀል ፀሐይ የወጣ ዕለት ብርድ ልብሱ ተሰጥቶ ውሎ ማታ ሲደረብ። የዓመቱ የመጀመሪያ እሸት በቆሎ ከሰል ላይ ሲንጣጣ። ሊጡ አልቦካ ብሎ ሲያስጨንቅ ሰንብቶ፣ እንጀራው ዓይኑ ጥርት ብሎ ሲወጣ። ለእነዚህ ድንኳን የሚተክል የለም። ሰው በልቡ "እሰይ" ብሎ ያልፋቸዋል፤ ማታ ራት ላይ "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" ሲባልም "ደህና" ይላል። የዛሬው ዲስኩር ስለ እነሱ ነው።

ለምን ዝም ይባላል? አንዱ ምክንያት የሰው ዓይን ፍርሃት ነው። እንግዳ መጥታ ሕፃኑ ፋፋ፣ አማረ ስትል እናቲቱ ቶሎ ብላ "እስቲ እንትፍ በይበት" ትላለች። ላሜ ወተቷ በዛ ብሎ ገበያ መሀል የሚያወራ ገበሬ አይገኝም። መርካቶ ውስጥም "ገበያ እንዴት ነው?" የተባለ ነጋዴ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሲሸጥ አርፍዶም እንኳ፣ "ምን ገበያ አለ ብለህ ነው" ይላል። (የግብር ሰብሳቢው ጆሮም እዚያው አካባቢ ሊኖር ስለሚችል የነጋዴው ዝምታ ሌላም ሰበብ አያጣም።)

ሌላው ይሉኝታ ነው። ጎረቤት ከሥራ ተቀንሶ ቤት በዋለበት ሰሞን የሥጋ ወጥ ሽታ እንኳ እንዳይወጣ በር የሚዘጉ እናቶች አሉ። ይህ ጨዋነት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ችግሩ ይሉኝታው እየሰፋ ሄዶ ማንንም የማያስቀናውን ነገር አብሮ ማፈኑ ነው። የቸገረው ጎረቤት ስለ ጮማ መስማት ባይፈልግም፣ "ያ ትንሹ ልጅ ዛሬ የጫማውን ክር ብቻውን አሠረ" ቢሉት አይከፋውም። እንዲያውም በዚያን ቀን ከሰማው ሁሉ ደህናው ወሬ እሱ ሊሆን ይችላል።

ከሁለቱም የሚብሰው ግን "ይህም ወሬ ሆኖ!" የሚለው ንቀት ነው። መዓት ይወራል፣ የዋጋ ጭማሪ ይወራል፣ የሰው ገበና ይወራል። ውሃ መጣች ብሎ ደስ ማለት ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም።

እንዲህም ሆኖ ትንሿ ደስታ ሾልካ የምትወጣበት ቦታ አላት፤ ረከቦት አጠገብ። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች፤ ከሌሎቹ የአፍሪካ ቡና አምራቾች የሚለያት ይህ ነው። ይህን ያህል የሚጠጣው ለጥም ቢሆን ኖሮ አንድ ስኒ በቆመበት ጠጥቶ መሄድ ይበቃ ነበር፤ ሥርዓቱ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ባልፈጀ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ። ቤቱ ስለጠበበ ረከቦቱ የተዘረጋው ከበሩ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ ቄጠማው ሲሚንቶው ላይ ተጎዝጉዟል። ብረት ምጣዱ ላይ ያለው ቡና መንጣጣት ሲጀምር የምታፈላው ሴት ምጣዱን አንሥታ በተቀመጡት ፊት ታዞረዋለች። እያንዳንዱ ጭሱን በመዳፉ ወደ አፍንጫው ይስባል። ፈንዲሻው በሰፌድ ይዞራል፤ ልጆች ከስር ከስር ይዘግናሉ። ጀበናው ገንፍሎ ከከሰሉ ይወርድና አተላው እስኪዘቅጥ ማቶቱ ላይ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ማንም የሚሠራው ነገር የለም። ከመጠበቅ በቀር። ወሬውን የሚያመጣውም ይኸው መጠበቅ ነው።

በአቦሉ የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ ይነሣል፤ የማይቀር ነው። በቶናው የሰው ስም ይነሣል፤ እሱም የማይቀር ነው። በረካው ላይ ሲደረስ፣ ቡናው ቀጥኖ ውሃ ሊመስል ሲል፣ ሰዉ ዘና ብሏል። አንዷ "ሌሊት ውሃ መጣች እኮ! ልጆቹን ሁሉ ቀስቅሼ አጠብኳቸው" ትላለች። ሌላዋ "እኔ አይደለሁ እንዴ በባዶ እግሬ የሮጥኩት! ስንጥሩ ወጋኝ" ስትል ሁለቱም ይስቃሉ። ሦስተኛዋ "ታዲያ እኔን ለምን አልቀሰቀሳችሁኝም?" ብላ ትቆጣለች፤ ከዚያ እሷም ትስቃለች። ይኸው ነው። ይህን ማንም የደስታ ስብሰባ ብሎ አይጠራውም፣ ቃለ ጉባኤም አይያዝለትም። በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ስኒያቸውን አኑረው ይመርቃሉ፤ አሜን ይባላል፤ ቡናው ይነሣል።

ይህ ሥርዓት በራሱ የሚቆም አለመሆኑን አዲስ አበባ በቅርቡ አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከቀበሌ ቤትና ከጭቃ ግቢ ወጥተው ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱና ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደዋል። በድሮው ግቢ ቧንቧውም መጸዳጃውም የጋራ ነበር፤ ሰው ወደደም ጠላም ይተያያል። አዲሱን ቤት የሚሰጠው ዕጣ ነው፤ ጎረቤትም በዕጣ ነው የሚደርሰው። ለሃያ ዓመት አብረው ቡና ሲያጣጡ የኖሩ ሴቶች አንዷ በከተማው አንድ ጫፍ፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ቀሩ። የኮንዶሚኒየሙን ዕቅድ ያወጡት ሰዎች ለዕርድ፣ ለምግብ ማብሰያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት በየሳይቱ አስበዋል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ለበረካው ወሬ ግን ቦታ አልተመደበለትም። ኮሪደሩን የመረጡት ነዋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ በሩን ቆልፎ የሚኖር ጎረቤት ባለበት ፎቅ ደግሞ ኮሪደሩም ኮሪደር ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

አብሮ መቀመጥ ራሱ ጣዕም እንደሚጨምር ቤተ ሙከራም ሞክሮታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤሪካ ቡዝቢ፣ ማርጋሬት ክላርክና ጆን ባርግ ተማሪዎችን ቸኮሌት አቀመሱ። ተማሪዋ አንዱን ቸኮሌት ስትቀምስ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትም አብራት ትቀምሳለች፤ ሌላውን ስትቀምስ ግን ያቺ ሴት ሥዕል ታያለች። ሁለቱ አይነጋገሩም። ቸኮሌቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። ተማሪዎቹ ግን አብረው የቀመሱት ይበልጥ ጣፈጠን አሉ። ተመራማሪዎቹ ቀጥለው መራራ ቸኮሌት አቀረቡ፤ ያን ጊዜ አብሮ የተቀመሰው ይበልጥ መረረ። ተሳታፊዎቹ ጥቂት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ በዚህ ላይ ትልቅ ግንብ መሥራት አይገባም። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፤ አብሮነት ጣፋጩን ብቻ ሳይሆን መራራውንም ያጎላል። ይህም ቀኑን ሙሉ ስለ ዋጋ ብቻ ሲያወራ የሚውል ማዕድ ለምን እንደሚከብድ ያስረዳል።

ከጣዕሙ ይልቅ የሚደንቀው የአድማጩ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ ሰዎች ቀናቸውን በማስታወሻ እንዲይዙ አድርገው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፦ ደግ ነገር ሲገጥማችሁ ለሰው ትነግራላችሁ ወይ? የነገሩት ሰዎች፣ ነገሩ ራሱ ከሰጣቸው ደስታ በላይ ተጨማሪ ደስታ አግኝተው ተገኙ። ከዚያ ወደ ጥንዶች ሄዱ። ወሳኙ የሰሚው መልስ ሆኖ ተገኘ።

ወደ አገራችን ቤት እናምጣው። ባል ማታ ገብቶ "ዛሬ አለቃዬ ሪፖርትህን ወደድኩት አለኝ" ይላል እንበል። ሚስት አራት ዓይነት መልስ ልትሰጥ ትችላለች። "እውነት? ምን ብሎ? ያን ሌሊቱን ሙሉ የሠራኸውን ነው?" ልትል ትችላለች። ከስልኳ ቀና ሳትል "ጥሩ ነው" ልትል ትችላለች። "አሁንማ የቢሮውን ሥራ ሁሉ አንተ ላይ ሊከምረው ነው" ልትል ትችላለች። ወይም ደግሞ እንዳልሰማች ሆና "የመብራቱን ከፈልክ?" ልትል ትችላለች። (ሚስት ብትናገርና ባል ቢመልስ ኖሮ የመጨረሻው መልስ ይበልጥ በተለመደ።) በጌብል ጥናት ከደህና ትዳር ጋር አብሮ የተገኘው የመጀመሪያው ዓይነት መልስ ነው። "ጥሩ ነው" የሚለው ሁለተኛው፣ ክፋት ባይኖረውም፣ ጥሩ አልሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ሐሜት ይፈቀድ። የእኛ ሰው በሦስተኛው የሠለጠነ ነው። "አዲስ ስልክ ገዛሁ" ሲሉት "እንዳትሰረቅ"፤ "ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገባች" ሲሉት "ሩቅ ነው እንዴ የደረሳት?"፤ "ዝናቡ ደህና ነው ዘንድሮ" ሲሉት "በረዶ ካልመታው"። ይህ ከክፋት አይመጣም፤ ብዙ ካየ ሕዝብ ጥንቃቄ የሚመጣ ነው፤ የሚወዱን ሰዎች ናቸው ከሁሉ በላይ የሚሉን። ቢሆንም ተናጋሪዋ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ትላለች። ደስታን የሚያካፍል ሰው የሚፈልገው ምክር ሳይሆን አንድ ሁለት ጥያቄ ነው፦ እንዴት ሆነ? ማን ነበር? ከዚያስ?

ስለ ምስጋናስ? በዚህ በኩል አማርኛ ተናጋሪው የሚታማ አይመስልም። ጠዋት "እንደምን አደራችሁ?" ተብሎ "እግዚአብሔር ይመስገን"፣ "አልሐምዱሊላህ" ሳይባል ወሬ አይጀመርም። ልጆቹ ደህና? ተመስገን። ከብቱስ? ተመስገን። ሥራስ? ተመስገን። ትልቅ ሀብት ነው። ግን ሰላምታው እንደተለመደ ሁሉ ስለ ምን እንደተመሰገነ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አሜሪካውያኑ ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክላ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ይጠቅማል። ተማሪዎችን በሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ፣ የሚያመሰግንባቸውን እስከ 5 ነገሮች ይጽፋል። ሁለተኛው ያማረሩትን ይጽፋል። ሦስተኛው በሳምንቱ ውስጥ የሆነውን ብቻ ይጽፋል። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ግምት ነበራቸው፤ ስለሚመጣው ሳምንትም የተሻለ ተስፋ። በኋላ የወጡ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘኑ ግምገማዎች ውጤቱ መጠነኛ መሆኑን አሳይተዋል፤ ምስጋና መጻፍ ለድብርት መድኃኒት አይደለም። የተማሪዎቹ ሥራ ልብ የሚባለው ግን በአንድ ነገር ነው፦ "ስለ ሁሉም" ብለው አላለፉም፤ እያንዳንዱን ነገር ስም እየጠሩ ጻፉት።

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጃፓን ቤተ መንግሥት የእቴጌዋ ደንገጡር የነበረች ሴይ ሾናጎን የተባለች ሴት ይህንኑ ስታደርግ ኖራለች። ደስ የሚሉ ነገሮች፣ የሚያምሩ ነገሮች፣ ልብን የሚያስደልቁ ነገሮች እያለች ዝርዝር ትጽፍ ነበር። መጽሐፏ ዛሬም ይነበባል። የምትወደድበት ሌላው ምክንያት ግን የሚያናድዱ ነገሮችንም በዚያው ብዕር መዘርዘሯ ነው። አንዱ ሌላውን አላስቀረባትም።

ምስጋናና ቅሬታ አብረው መኖር መቻላቸው መነሣት አለበት፤ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ምስጋና አንዳንድ ጊዜ አፍ መዝጊያ ይሆናል። ደመወዟ ሁለት ወር የዘገየባት ሴት ስትናገር "ተመስገን በይ እንጂ፣ ሥራ ያጣ አለ" ትባላለች። ቤቱ የሚያፈስበት ተከራይ "ጣሪያ የሌለውስ?" ይባላል። እንዲህ ያለው ምስጋና ከላይ ወደ ታች የሚታዘዝ ስለሆነ ከምስጋና አይቆጠርም፤ አመስጋኝ ሁን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ቅሬታው ባይሰማ የሚጠቀም ሰው ነው። ደመወዟ የዘገየባት ሴት ቅሬታዋን ለሚመለከተው አሰምታ፣ ማታ ደግሞ ውሃ በመምጣቷ ደስ ሊላት ይችላል። ሁለቱም የራሷ ናቸው።

ለፈጣሪ የሚሰጠው ምስጋና በየአፉ ሲገኝ፣ ለሰው የሚሰጠው ግን ይዘገያል። አንዳንዴም ለቀብር ቀን ይቆያል፤ የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሟች ስንት ሰው እንዳስተማረ፣ ማንን እንዳሳደገ ሁሉ ይዘረዘራል፤ እሱ ብቻ አይሰማም። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ኤፕሊ ከአሚት ኩማር ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመው ጥናት ሰዎች ለምን እንደሚዘገዩ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ ተቀባዩ ምን ይሰማዋል ብለው እንደሚገምቱም ተጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ነገሩ እንግዳ ሆኖበት ይሸማቀቃል ብለው ሠጉ። ተቀባዮቹ ሲጠየቁ ግን ከተገመተው ያነሰ ተሸማቀው፣ ከተገመተው የበለጠ ተደስተው ተገኙ። ቃሉ አልሳካ ይለኛል ብሎ የፈራው ጸሐፊው ነው፤ ተቀባዩ የቃሉን ውበት አልመዘነም።

ሰውን ለማመስገን ባህሉ ያዘጋጀው መንገድ ምርቃት ነው። ወጡ ሲጣፍጥ "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው"፤ ልጁ ውሃ ሲያቀብል "እደግ"፤ ወጣቷ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን ስትለቅ "ዕድሜ ይስጥሽ፣ ወግ ማዕረግ ያሳይሽ"። እነዚህ ቃላት ከአረጋውያን አፍ ሲወጡ ያምራሉ፤ ወጣቱ ግን እየተዋቸው ነው፣ የሚተካቸውንም ገና አላገኘም። አስተማሪውን ዓመት ሙሉ "አንቱ" ብሎ ሲጠራ የኖረ ተማሪ፣ ተመርቆ ከሄደ በኋላ "እርስዎ ያን ቀን ሒሳቡን ደግመው ስላስረዱኝ ነው ያለፍኩት" ብሎ ሲደውል የሚሰማው ብርቅ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ስልክ ነው።

ደስታን ለማያውቁት ሰው ማካፈልስ? የጣሊያኗ ኔፕልስ በዚህ ትታወቃለች። አንድ ሰው ቡና ቤት ገብቶ የሁለት ቡና ይከፍላል፣ አንዱን ጠጥቶ ይሄዳል። ሁለተኛው ለሚቸገር ሰው ይቆያል፤ ቸግሮት የመጣው ሰው "የተከፈለ ቡና አለ?" ብሎ ይጠይቃል። ከፋዩና ጠጪው አይተዋወቁም፤ አመስጋኝና ተመስጋኝ ፊት ለፊት ስለማይገናኙም ማንም አያፍርም። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ጨዋታው ሌላ ነው። ሂሳብ ሲመጣ ሦስት ሰው አስተናጋጁን ይዞ ይታገላል፤ "በሞቴ!" ይባላል፤ ብልጡ ግን እጁን ልታጠብ ብሎ ተነሥቶ አስቀድሞ ከፍሎ ተመልሷል። በመንገድ ዳር የጀበና ቡና መሸጫዎች ደግሞ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሲነሣ "ሂሳብ?" የሚል ሰው፣ "ተከፍሏል" ተብሎ ማን እንደከፈለለት ዞር ዞር ብሎ ሲፈልግ ይታያል። እነዚህ መሸጫዎች ለወንዱ ትልቅ ነገር አድርገዋል። ቤቱ ቡና ላይ እምብዛም የማይቀመጠው ሹፌር፣ የጥበቃ ሠራተኛና የቢሮ ጸሐፊ በየዱካቸው ጉልበት ለጉልበት ተገጣጥመው ይቀመጣሉ፤ ሻጯ ማን በስኳር፣ ማን በጤና አዳም እንደሚጠጣ ሳይነገራት ትቀዳለች። መታወስ ራሱ ከቡናው ጋር አብሮ የሚሸጥ ነው።

የልደታቸውን ወይም የሠርጋቸውን ዕለት ወደ መቄዶንያ የበጎ አድራጎት ማዕከል ሄደው፣ ማዕከሉ ከሚንከባከባቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ጋር ምሳ የሚበሉ ቤተሰቦችም እየተለመዱ መጥተዋል። ትልቁን ደስታ ወስደው ለሌላው አንድ ምሳ አድርገው ያካፍሉታል። ካሜራው አንዳንዴ ከሳህኑ ይቀድማል፤ ይህ ባይሆን ይመረጣል። ምሳው ግን ምሳ ነው።

ረከቦቱ ባሕር ማዶም ተሻግሯል። በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ አፓርታማዎች ቡና የሚቆላ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጭስ ጠቋሚው ነው፤ መስኮት ይከፈታል፣ ማራገቢያ ይበራል፣ ያም ሆኖ አንዳንዴ ይጮኻል። በእስራኤል የሚኖሩት ቤተ እስራኤል እናቶችም ጀበናቸውን ይዘው ነው የሄዱት፤ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ እያወሩ የእናቶቻቸውን ቡና ይጠጣሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የምትሠራ እህት ግን ጊዜም ቦታም የላትም። ረከቦቷ ስልኳ ነው። ሌሊት ሥራዋን ጨርሳ በኢሞ ትደውላለች። ቤተሰብ ስለሚላክ ገንዘብ ያወራታል፤ እሷ መስማት የምትፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፦ ዝናብ ጣለ? ላሚቱ ወለደች? አደይ አበባው በረንዳው ጋ ወጣ? ስልኩን ወደ ግቢው አዙረው ዝናቡን ሲያሳዩዋት ዝም ብላ ታያለች፤ "እስቲ ድምፁን አሰሙኝ" ትላለች።

ስልክ ሲነሣ ስለ ቲክቶክና ፌስቡክ አለማውራት አይቻልም። እዚያም ሰው ትንንሽ ደስታውን ያወጣል፤ ምሳውን፣ ጫማውን፣ የቡናውን ጭስ። ክፋት የለውም። ነገር ግን አንድ ሺህ ሰው አይቶት "እንዴት ሆነ? ከዚያስ?" ያለ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል፤ የጌብልን ጥናት ላስታወሰ ሰው፣ የሚጫኑት የልብ ምልክት ያው ሁለተኛው መልስ ነው፣ ከስልክ ቀና ሳይባል የተሰጠ "ጥሩ ነው"።

በመጨረሻም ስለ ቡናው ሲወራ የሚረሳው ነገር ይነሣ። ደስታን ማካፈያው ሰዓት የአንድ ሰው የሥራ ሰዓት ነው። ቡናውን የምታጥበው፣ የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ ከሰሉን የምታቀጣጥለው፣ ስኒውን ሦስት ጊዜ የምትለቃልቀው፣ ሁሉም ተነሥቶ ሲሄድ ቄጠማውን የምትጠርገው አንዲት ሴት ናት፤ ብዙ ጊዜም ለፈተና ማጥናት የነበረባት ልጅ ናት። ወሬው ሞቅ ሲል እሷ እሳቱ ላይ ናት። የቡናና የስኳር ዋጋም ወጪውን ለአንድ ቤት አክብዶታል። ይህን ያዩ ጎረቤቶች በየፎቁ ተራ አውጥተዋል፤ ዛሬ የአንደኛዋ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሌላዋ፤ አንዷ ቡናውን፣ አንዷ ስኳሩን፣ አንዷ ፈንዲሻውን ታመጣለች፤ ያፈላችው ሴት ደግሞ ስኒ እንዳታጥብ የተስማሙም አሉ። ቅዳሜውን ለወንዶቹ ተራ የሰጠ ሕንፃ ግን፣ እስካሁን ባለው ወሬ፣ አልተሰማም።